በጣና ዳር አንድ ምሽት

ሰው በሚኖርበት አገር ስም ያፍራል ቢሉኝ አላምንም ነበር። በዚህ ዓመት ግን በራሴ ላይ አየሁት፤ ያየሁትም በባሕር ዳር ከተማ፣ በጣና ዳር አዲስ በተከፈተ ምግብ ቤት፣ ኮክቴል በእጄ ይዤ ነው።

እኔ በእስቴ፣ በመካነ ኢየሱስ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ለጉዳይ ወደ ባሕር ዳር ወርጄ ሳለሁ፣ በዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የተማረና ዛሬ የባንክ ሠራተኛ የሆነ ወዳጄ «አዲሱን ቤት ሳታይ አትመለስም» ብሎ ያዘኝ። የአንበሳሜ መንገድ አቧራ ገና ከጫማዬ አልተራገፈም ነበር። ከበሩ ስደርስ ጫማዬን አንድ በአንድ በሱሪዬ ጠረግሁት፤ እንግዲህ ማፈሩ የጀመረው ከዚያው ነው።

ቤቱ በእውነት ያምራል። የእንጨት ወለሉ ወደ ውሃው ገባ ብሏል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሐይቁ እንደ ተወለወለ ናስ ያበራል፤ በሩቁም ማገዶ የጫነ የደንገል ታንኳ ቀስ እያለ ያልፋል። በጠረጴዛችን ከወዳጄ ሌላ ሁለት ወይዛዝርት ነበሩ፤ አንደኛዋ ለሥራ ከአዲስ አበባ የመጣች ናት።

የመጠጡ ዝርዝር መጣ። ኮክቴል የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በቀጥታ ቢፈታ «የአውራ ዶሮ ጅራት» ማለት ነው፤ ስለ አወጣጡ ሊቃውንቱ እስካሁን አልተስማሙም። እኔን ግን ከስሙ ይልቅ ዋጋው አስደነቀኝ። የአንዱ ብርጭቆ ዋጋ የሳምንት ሽሮዬን ይገዛል። ዳሩ ግን ሌሎቹ ሲያዙ «ለእኔም እንደዚያው» አልሁ። የቀረበልኝ ከላዩ ቀይ፣ ከሥሩ ብጫ የሆነ፣ የብርቱካን ቁራጭ በአፉ የተሰካበት፣ ግማሹ በረዶ የሆነ መጠጥ ነው። ይጣፍጣል፤ ከጥሩ ጠላ ጋር ግን አይወዳደርም። ይህን ያን ጊዜ አልተናገርሁም።

«የት ነው የሚያስተምሩት?» አለችኝ ከአዲስ አበባ የመጣችው።

«ደብረ ታቦር» አልሁ።

ደብረ ታቦርን ማንም ያውቃታል፤ ስሟ ከአፄ ቴዎድሮስ ጋር ይነሣል። መካነ ኢየሱስ ብል ግን «ወዴት ነው?» መባሌ አይቀርም፤ ከዚያ እስቴን፣ ስማዳን፣ ጋይንትን እየጠራሁ ላስረዳ ነው። ወዳጄ ቀና ብሎ አየኝና ዝም አለ።

ለእራት ስንጠይቅ አሳላፊው ቀረሶ ማለቁን፣ ነጭ ዓሣ ግን መኖሩን ነገረን። ድምፁ የማውቀው መሰለኝና ቀና አልሁ።

«መምህር! ከመካነ ኢየሱስ መቼ መጡ?» ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠኝ።

ከሁለት ዓመት በፊት ከ10ኛ ክፍል ያቋረጠ፣ ካርታ በመሣል ከክፍሉ የሚበልጠው ያልነበረ ልጅ ነው። ደስታው እውነተኛ ስለ ነበረ የፊቴን መለዋወጥ አላየም። ልጅቱ ግን አየች። «ደብረ ታቦር አላሉኝም?» ብላ ሳቀች። «ቅርብ ለቅርብ ናቸው» አልሁ። ወዳጄ ከእኔ ይልቅ አፈረ።

ዓሣው ሲቀርብ ምላሴ ተፈታ። ጣና ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል እንደሆነ፤ ከሚገብሩለት ታላላቅ ወንዞች መካከል ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ እንደሚነሡ፤ በሐይቁም ላቤዮባርበስ ከሚባለው ወገን ከ15 የማያንሱ የዓሣ ዝርያዎች እንዳሉ ነገርኋቸው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ክረምት ሲገባ ጉማራን ሽቅብ ወጥተው እንቁላላቸውን በጠጠሩ ላይ ይጥላሉ፤ በዚያ ወራት በወንዙ አፍ መረብ የሚዘረጋው ሰው ሲበዛም ዘራቸው ይመናመናል። «እንግዲህ ይህ በሳህኑ ያለው የጉና ውሃ ያሳደገው ያገራችን ልጅ ሳይሆን አይቀርም» ብል ሳቁልኝ። ዕዳውን ዘግይቶ እንደሚከፍል ሰው ግን አብዝቼ ተናገርሁ፤ ዓሣው ቀዘቀዘ።

ወዳጄ ሒሳቤን ልክፈል ቢል እምቢ አልሁት። ድርሻዬን ስከፍል በኪሴ የቀረው የመሳፈሪያ ብቻ ነበር፤ ለልጁ ጉርሻ የምሰጠው አጣሁ።

እሱ ግን ተከትሎኝ ከበሩ ወጣ። የታጠፈ 500 ብር በመዳፌ አኖረና «እናቴ ስልክ የላትም፤ ቤታችንን ያውቁታል፤ ያድርሱልኝ። ትምህርቱን ስለ ተውሁም አይቀየሙኝ» አለኝ። ምን ብዬ እንደ መለስሁለት አላስታውስም።

በማግሥቱ ማታ አደረስሁ። እናቱ ብሩን ሳይቆጥሩ በመቀነታቸው ቋጠሩትና የት እንደሚሠራ ጠየቁኝ። በጣና ዳር ባለ ትልቅ ምግብ ቤት መሆኑን ነገርኋቸው።

«አንተንስ ልጄ፣ አበላህ?»

«አበላኝ፣ እማማ።»

ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ውሃው ጥልቅ ነው እንዴ?» አሉ።

የጣና ጥልቅ ስፍራ 14 ሜትር ያህል እንደሆነ በየዓመቱ በሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ።

«እሱ የሚሠራው ዳር ዳሩን ነው» አልኋቸው።