ታርዛን ሲዋኝ

ሰሞኑን የድሮዎቹን የታርዛን ፊልሞች እያየሁ ነው። ብዙ ሰው ጆኒ ዋይዝሙለርን የሚያስታውሰው በዚያ ጩኸቱ ነው፤ የእኔ ዓይን የሚቀረው ግን ሲዋኝ ነው። ጭንቅላቱ ቀና፣ ደረቱ ከውሃው ከፍ እንዳለ፣ ክንዶቹ ሳይጣደፉ ይቀዝፋሉ።

እንዴት አይሆንለት! እ.ኤ.አ. በ1922 መቶ ሜትርን ከአንድ ደቂቃ በታች የዋኘ የመጀመሪያው ሰው እኮ ነው። በፓሪስና በአምስተርዳም ኦሎምፒኮች 5 ወርቅ ወስዷል። በ1932 ኤም ጂ ኤም ታርዛን አደረገው፤ እስከ 1948 ድረስ በ12 ፊልሞች ተጫወተው።

በ1934ቱ ፊልም ከፍቅረኛው ከጄን ጋር ውሃ ውስጥ የሚዋኙበትን ትዕይንት ደጋግሜ አየሁት። እዚያ ላይ ጄንን ሆና የዋኘችው የጄን ተዋናይቷ ሞሪን ኦሱሊቫን ሳትሆን ጆሰፊን ማኪም የተባለች የኦሎምፒክ ዋናተኛ ናት። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲገለባበጡ አንድም ቃል አያስፈልግም። ንግግሩ ጥቂት ስለሆነ ብቻ «ተዋናይ አይደለም» ከሚሉት ጋር አልስማማም፤ ሰውነቱ ይናገራል።

አንድ ነገር ግን ሁሌም ያመኛል። አፍሪካ ተብሎ የሚታየው በአብዛኛው ካሊፎርኒያ ነው፤ አፍሪካውያኑም ወይ ዕቃ ተሸካሚ ወይ አስፈሪ ሆነው ነው የተሳሉት። ዋይዝሙለርን እየወደድኩ ይህን ማለፍ አልችልም።

ከ1948 በኋላ በሌሎች ፊልሞች «ጃንግል ጂም» የተባለውን ገጸ ባሕርይ ሆኖ ልብስ ለብሶ ብዙ ሲያወራ ደግሞ ያ ነፃነቱ ቀነሰብኝ።