የማይፈታ ዕቃ

አርቲስት ኤልያስ ስሜ የተጣሉ የኮምፒውተር ሰሌዳዎችን፣ የኪቦርድ ቁልፎችንና ባለቀለም የኤሌክትሪክ ሽቦዎችን እየጎነጎነና እየቸነከረ ግድግዳ የሚሸፍን ሥራ ይሠራል። ራቅ ብለው ሲያዩት ከአውሮፕላን ላይ የሚታይ ማሳ ይመስላል፤ ጠጋ ሲሉ ግን እያንዳንዷ ነጥብ የሰው ጣት ሲነካካት የኖረች ቁልፍ ናት። «ታይትሮፕ» የተሰኘው ተከታታይ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2019 በኒውዮርክ ግዛት በሀሚልተን ኮሌጅ ዌሊን ሙዚየም ታይቶ ከዚያ ወደ ሌሎች ከተሞች ዞሯል። ቁሳቁሱ በብዛት የሚመጣው ከመርካቶ ነው። ሥራውን ያዩ ብዙዎች የሸማችነትን ባህል የሚሞግት ይሉታል። እኔም እላለሁ፤ ሆኖም ሙግቱ ዕቃው ከሞተ በኋላ የሚጀምር ነው። ለእኛ የሚበጀው ጥያቄ ከዚያ ቀደም ብሎ ይመጣል፦ ዕቃው ሲበላሽ የሚከፍተው ማነው? የሠራውስ ሰው እንዲከፈት ፈቅዷል ወይ?

የተባበሩት መንግሥታት ሪፖርት እንደሚለው ዓለም እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አውጥቷል፤ በአግባቡ ተሰብስቦ ለዳግም ጥቅም መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ነው። ይህን ሁሉ በገዢው ስስት ማሳበብ ይቀናል። ግን እ.ኤ.አ. በ1924 ታላላቆቹ የአምፖል አምራቾች ጄኔቭ ላይ ተስማምተው የአምፖልን ዕድሜ 1,000 ሰዓት ላይ ገደቡት፤ ከዚያ አስበልጦ የሚቆይ አምፖል የሠራ አባል ይቀጣ ነበር። እዚህ ላይ ስስታሙ ገዢው አልነበረም። የአምፖሉ ዕድሜ ገና ሳይሸጥ ተቆርጦለታል።

ዛሬ ያን ስምምነት የሚተካው ሙጫ ነው። ጉንደ ወይንን በመሰለ የወረዳ ከተማ የሞባይል ጥገና ሱቅ ውስጥ የሁለቱ ዘመን ዕቃ ጎን ለጎን ይቀመጣል። የድሮው ባለቁልፍ ስልክ ጀርባው በጥፍር ይከፈታል፤ ባትሪው ይወጣል፣ ካበጠ በሌላ ይተካል፣ ባለቤቱ ሻዩን ሳይጨርስ ተገጥሞ ይሰጠዋል። ባለንክኪው ግን በሙጫ የታሸገ ነው፤ ሙጫው በሙቀት እስኪላላ ይጠበቃል፣ ሲከፈት ስክሪኑ ከተሰነጠቀ ዕዳው የጠጋኙ ነው። አቴናዊቷ አርክቴክት ካተሪና ካምፕራኒ ሆን ብላ የማይመቹ ዕቃዎችን ትነድፋለች፤ አንዱ አፉ ወደ ራሱ የዞረ የአትክልት ማጠጫ ነው። ተመልካች ይስቃል። ጠጋኙ ፊት የተቀመጠው የታሸገ ስልክም ከዚያ ማጠጫ የማይሻል ነው፤ ልዩነቱ ይኸኛው በደህና ዋጋ መሸጡ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ደንብ ከፌብሩዋሪ 2027 ጀምሮ የአብዛኞቹን በእጅ የሚያዙ መሣሪያዎች ባትሪ ተጠቃሚው ራሱ አውጥቶ መተካት እንዲችል አምራቾችን ያስገድዳል። እንግዲህ ይቻል ነበር ማለት ነው።

ለመሆኑ ሊፈታ የሚችል ዕቃ ምን ይመስላል? ጉንደ ወይን ላለችበት ለጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ገበሬ ይህ ጥያቄ እንግዳ አይደለም። ሞፈሩ፣ ቀንበሩ፣ እርፉ፣ ድግሩ፣ ወገሉ፣ ማረሻው ሁሉም በየራሱ የሚለወጥ ነው። ድግር ቢሰበር ድግር ብቻ ይቀየራል፤ እንጨቱን ገበሬው ራሱ ይጠርበዋል። ማረሻው ሲዶለዱም ቀጥቃጭ ዘንድ ሄዶ እሳት ገብቶ ተስሎ ይመለሳል። አንዱ ክፍል አረጀ ተብሎ ሌላው አይጣልም።

«ይህማ ድህነትን ማሞገስ ነው» የሚል ይኖራል። ወቀሳው ተገቢ ነው፤ እንስራ በጀርባዋ አዝላ ከወንዝ ዳገት የወጣች ሴት ጀሪካን ሲመጣ እፎይ ብላለች፣ ወደ እንስራ ተመለሺ የሚላትም ሰው የለም። ጀሪካኑ ግን ለእኔ ሐሳብ ይመሰክራል እንጂ አይቃረንም። ዘይት ይዞ ይመጣል፣ ቀጥሎ ውኃ ይቀዳበታል፣ አንገቱ ሲሰነጠቅ ተቆርጦ መቅጃ ይሆናል። አዲስ ዕቃን የሚጠላ የለም። ሰው የሚጠላው በእጁ ገብቶም የእሱ ያልሆነ ዕቃን ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። የመጠገን ባህል አለን ብለን ስንኩራራ፣ ጠጋኙን ምን ስንለው ኖርን? ማረሻውን ያለ ቀጥቃጭ አንስልም፣ ቀጥቃጩን ግን ቡዳ ብለን ማዕድ ለየንበት፤ ሸክላ ሠሪዋንም፣ ፋቂውንም እንዲሁ። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማወጅ ደርሰዋል። አዋጁ ስድቡን አላጠፋውም። ዛሬም ሞባይል የሚጠግን ወጣት «አደገ» የሚባለው ጥገናውን ትቶ አዲስ ስልክ መሸጥ ሲጀምር ነው። ስለዚህ ሸማችነትን ከውጭ የመጣ በሽታ ብቻ አድርጎ ማየት አያስኬድም፤ ዕቃ ሠሪውንና ጠጋኙን ንቀን ባለሱቁን ስናከብር መንገዱን ራሳችን ጠርገንለታል።

ይህ ንቀት ኤግዚቢሽን አዳራሽ ድረስም ይዘልቃል። አብዛኛውን ጊዜ ግድግዳው ላይ የሚጻፈው የአርቲስቱ ስም ነው። በየሰፈሩ እየጮኸ የሰበሰበው ቆራሌው፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ ቁጭ ብሎ ብሎኑን የፈታው ልጅ፣ መዳቡን ለማውጣት ሽቦ ሲያቃጥል ጭሱን የማገው ሰው ስም የላቸውም። ኤልያስ ከኤግዚቢሽን አዘጋጇ መስከረም አሰግድ ጋር መካኒሳ ላይ የከፈተው ዞማ ሙዚየም የተሠራው በአገሬው የጭቃና የጭድ ግንባታ ጥበብ ነው፤ እዚያ የባለሙያው እጅ ራሱ ቤቱ ላይ ይታያል። ለኔ ከሽቦ ሥራዎቹ ይልቅ ቤቱ ጠንከር ያለ ክርክር ያቀርባል።

ሸማችነትን የሚሞግት ኤግዚቢሽን ጉንደ ወይን ቢመጣ ነጭ ግድግዳ አያስፈልገውም። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማረሻ ከነወገሉ፣ አንድ ባለቁልፍ ስልክ፣ አንድ የታሸገ ስልክና አንድ ካቻቪቴ ይበቃል። ጠጋኙ በሕዝብ ፊት ይፍታቸው፤ አልፈታም ያለውን ደግሞ ማን እንደሠራውና ለምን እንዳሸገው ለተሰበሰበው ይንገር። አርቲስት ሲጋበዝ እንደሚደረገውም ስሙ ይጻፍለት፣ የቀን አበሉም ይከፈለው።