ለፊቼ አልብሻት

እኛ ክፍል ውስጥ ቃለ መጠይቅ ማድረግን እንጂ መደረግን አልተማርንም። ሀዋሳ ፒያሳ አንድ ቡቲክ በር ላይ «ዕቃ አሳምራ መደርደር የምትችል ሠራተኛ እንፈልጋለን» የሚል ወረቀት አየሁና በማግስቱ ሄድኩ። «ስለ ራስሽ ንገሪኝ» ለሚለው ስዘጋጅ ነበር ያደርኩት፤ ማንም አልጠየቀኝም። ባለቤቷ መስታወቱ ውስጥ ራቁቷን የቆመችውን አሻንጉሊት አሳዩኝና «በይ ልጄ፣ ለፊቼ አልብሻት» አሉኝ።

ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. የመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፊቼ ጫምባላላ፣ ተቃርቦ ነበር። ቀሚሱን ላጠልቅላት ስታገል እጇ ተገንጥሎ ወደቀ። ክው አልኩ! ለካስ መጀመሪያ እጇን ነቅሎ ነው የሚለበሰው። ከዚያ ያገኘሁትን ሁሉ ደረብኩባት፦ ነጠላ፣ ጨሌ፣ ቦርሳ፣ ኮፍያ ሳይቀር። ሴትየዋ ምንም ሳይሉ እጄን ይዘው አስፋልቱን አሻገሩኝ። «እስቲ ከዚህ ሆነሽ እያት።» በባጃጅ የሚያልፍ ሰው መስታወቱን ቢያይ ሁለት ሦስት ሴኮንድ ነው፤ የእኔ ሥራ ደግሞ አሥር ርዕስ የታጨቀበት የጋዜጣ ገጽ ይመስል ነበር። ተመልሼ ቀሚሱንና ጨሌውን ብቻ አስቀረሁ። ዋጋ ልለጥፍ ስል ግን «ተይ፣ ገብታ ትጠይቅ እንጂ!» አሉኝ።

ወደዱልኝ። ዋናው ጥያቄ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፦ «ተያዥ አለሽ?»

ደመወዙን አስይዞ ዋስ የሚሆነኝ ማለታቸው ነው። ከባሕር ዳር መጥቼ ዶርም ለምኖረው ለእኔ እዚህ ማን አለኝ? አንድ መምህሬን ልጠይቅ ቢሮው በር ድረስ ሄጄ አፍሬ ተመለስኩ።

እስከ ዓርብ ቀን ሰጥተውኛል። ትናንት በባጃጅ ሳልፍ አየኋት፤ እንዳለበስኳት ናት።