ጎሜና አበል

ባለፈው ዓመት አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ላይ በአንድ አዳራሽ ሁለት ቀን ተቀመጥኩ። ከጨንቻ፣ ከቦንኬና ከዲታ የመጡ ወጣቶች ስለ አየር ንብረት ለውጥና ስለ ተፋሰስ ጥበቃ ይሠለጥኑ ነበር። እኔ የተጠራሁት «አገር በቀል ዕውቀት» የሚለውን ክፍለ ጊዜ እንድይዝ ነው። ጡረተኛ አስተማሪ ለእንዲህ ያለው ነገር በቀላሉ ይገኛል። ሰዓቴ ከምሳ በኋላ ነበር፤ ሆድ ሞልቶ፣ የአርባ ምንጭ ሙቀት ቆርቆሮው ሥር ተኝቶ፣ ዓይን ሁሉ በሚከብድበት ሰዓት።

«ጎሜ ምንድን ነው?» ብዬ ጀመርኩ።

ዝም አሉ። በመጨረሻ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ «ጋሼ፣ የድሮ እምነት ነው» አለ። ልክ ነው። እኔም በሱ ዕድሜ የምመልሰው ይህንኑ ነበር፤ ያውም በንቀት።

እኔን ያሠለጠነኝ አያቴ ነው። ሥልጠና የሚለውን ቃል ሳይሰማ ሞተ። ከጨንቻ በላይ፣ ደመና ከሰው ጋር በሚውልበት ዳገት፣ ከብት ስነዳ ከኋላው እየሄድኩ አደግኩ። ከቤታችን ከፍ ብሎ ማንም ምሳር የማያነሳበት ጫካ ነበር። ኮሶው፣ ዝግባው፣ ጽዱ ተቃቅፎ የቆመ፣ ሥሩ ምንጭ የሚፈልቅበት። አንድ ቀን ከዚያ የደረቀ ጭራሮ አንስቼ ስወጣ አያቴ አየኝ። አልመታኝም። «የምስጡን ምሳ ይዘህ ወዴት ነው?» አለኝ። ካነሳሁበት ቦታ አስመለሰኝና «እዚህ ያጣ እንደሆነ ቤታችን ይመጣል» አለ። የዶርዜን ቤት ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ያ ረጅም የቀርከሃ ቤት ከሥሩ በምስጥ እየተበላ በየዓመቱ ያጥራል፤ ሲያጥር ደግሞ ሰው ተሸክሞት ወደ ሌላ ቦታ ይወስደዋል።

በእኛ በጋሞ ጎሜ ማለት እንዲህ ነው። አንዱ የነውር ድንበር ሲጥስ ጦሱ እሱ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ለልጁ፣ ለከብቱ፣ ለገብሱ፣ ለዝናቡ ይተርፋል። ስለዚህ ጥፋተኛው ሽማግሎች ፊት ቀርቦ በገዛ አፉ ይናገራል፤ ነገሩ ሲከብድ ዱቡሻው ላይ፣ አገር በተሰበሰበበት። ካልተናገረ አይነጻም።

በ1972 ዓ.ም. የ15 ዓመት ልጅ ሆንኩ። ጊዜው የዘመቻ ጊዜ ነበር። ጎሜ የኋላ ቀርነት ምልክት ነው ብለው ያስተማሩንን አመንን፤ ማመን ደስ ይል ነበር፤ ከአያት በላይ ማወቅን የመሰለ ነገር የለም። ለአጥር የሚሆን እንጨት ተፈለገ፣ እኛም እየዘፈንን ወደዚያ ጫካ ወጣን። የመጀመሪያውን ምሳር ያሳረፍኩት እኔ ነኝ። አያቴ ከታች ቆሞ አየ፤ ምንም አልተናገረም። ማታ ግን ቆጮውን ከእኔ ጋር አልበላም።

በረዶ አልዘነበም። ከብት አልሞተም። እኛም ሳቅን። በሁለተኛው ክረምት በተቆረጠው ቦታ ባሕር ዛፍ ተከልን፣ ተጨበጨበልን። ምንጩ የሸሸው ቀስ ብሎ ነው፤ ማንም ቀኑን አይነግርህም። ዛሬ ክረምት ካልሆነ አይፈስም።

ከጨንቻ አርባ ምንጭ 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ውርጭ ለብሰህ ተነስተህ ሙዝ ተክል ውስጥ ትገባለህ። ከላይ የገባው ዝናብ ከታች ምንጭ ሆኖ ይወጣል፤ ከላይ የታጠበው አፈር ደግሞ በኩልፎና በሐሬ ወንዞች ወርዶ ሐይቅ ይገባል። አባያ ለምን እንደ ቡና አተላ እንደሚቀላ አያቴ ያለ ካርታ ያውቅ ነበር። የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም በ1979 አርባ ምንጭ ላይ ሲከፈት ደስ ያለኝ ለዚህ ነው፤ የአሁኑ ዩኒቨርሲቲ ሥሩ ያ ነው። ውሃን የሚያጠና ትምህርት ቤት ከምንጩ አጠገብ! ግን ከተቋሙ ተመራቂዎች መሐል አንዱ እንኳ አያቴን ሊጠይቅ ወደ ላይ ሲወጣ አላየሁም። እኔም አልጠራሁ።

ወደ አዳራሹ ልመለስ። ልጆቹ ብዙ ያውቃሉ፤ ካርቦኑን፣ እርከኑን፣ በስልክ ካርታ ማንሳቱን። እኔ በነሱ ዕድሜ ይህን አላውቅም ነበር፤ በጎሜ ብቻ እርከን አይሠራም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 በጎረቤታችን ገዜ ጎፋ ተራራው ተንዶ ከ200 በላይ ሰው ሲያልቅ፣ ብዙዎቹ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ነበሩ። ያን ሳነሳ ያንቀላፉት ነቁ።

መስከረም 2011ን ሳነሳ ደግሞ ከእኔ ይልቅ እነሱ ነበሩ የሚናገሩት። ቡራዩ ላይ ጋሞዎች ተገደሉ የሚለው ወሬ ደርሶ የአርባ ምንጭ ወጣት ለበቀል ሲወጣ፣ የጋሞ ሽማግሎች እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩ። ያ «የድሮ እምነት» ያለው ልጅ ያኔ እዚያው ነበር። «ድንጋይ ይዤ ነበር፤ ሣሩን ግን መሻገር አቃተኝ» አለ። ለምን አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀ። እኔም አልገፋሁም፤ ከዚያ በላይ የማስተምረው አልነበረኝም።

የሁለቱ ቀን ሞቅ ያለው ውይይት ግን የመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ የትራንስፖርቱ ሒሳብ ከአበሉ ውስጥ ነው ወይስ ለብቻው? አልፈርድባቸውም። ከቦንኬ የወረደ ልጅ ሁለት የገበያ ቀን ከስሯል። እኔም ፈርሜ ተቀበልኩ፤ ከነሱ እጥፍ።

ሰርተፍኬት ከተሰጠ በኋላ አንዲት ልጅ ተከተለችኝ። የሰፈሬ ልጅ ናት፤ ከጓደኞቿ ጋር ችግኝ ጣቢያ አላቸው፤ ባሕር ዛፉን ነቅለው አገር በቀል ዛፍ ሊመልሱ ይፈልጋሉ። «ጋሼ፣ ቦታውን ያሳዩኝ» አለች። በሳምንቱ ወጣን። ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም፤ እሷ እየቆመች ጠበቀችኝ። ኮሶው የት እንደነበር፣ ዝግባው እስከ የት እንደሚደርስ አሳየኋት። በደብተሯ እየሳለች ጻፈች። ከዚያ ቀና ብላ፣ ያለ ምንም ክፋት፣ «ማን ነው የቆረጠው?» አለችኝ።

«ተማሪዎች» አልኳት።

እሱንም ጻፈችው።