የመላጫ አረፋ፦ ምርጫችንና ግዴታችን



ዛሬ ስለ አንድ ቀላል ነገር እናውጋ፤ ስለ ሳሙና አረፋ። ራስ ከመላጨታችን በፊት ፀጉሩ ላይ የምንቀባው ያ ነጭ አረፋ እንዴት ቢሠራ ይሻላል? «ይሄ ደግሞ ምን የሚወራለት ነገር አለው?» የሚል አይጠፋም። የዒድ አል-ፊጥር ዋዜማ ላይ እዚህ አይከል ከመስጊዳችን ግቢ ብትገኙ ግን ስንት የሚወራለት ነገር እንዳለው ታያላችሁ። አንዱ «ውሃው ይሙቅልኝ» ይላል፤ ሌላው «ቀዝቃዛ ነው የሚያጠነክረው» ይላል፤ ሦስተኛው «ሳሙናውን ዝም ብለህ ራሴ ላይ እሸው» ይላል። እኛም ኢማሙን ከማገዝ ጎን ለጎን የስንቱን ራስ ስንላጭ የራሳችን ምርጫ አበጅተናል። እሱን እናካፍላችኋለን። ከዚያ ለጥቆ፣ ለማንም ምርጫ የማይተው አንድ ጉዳይ አለና እሱንም እናነሳለን።

ስለ ጺም ዑለማዎች የተናገሩት የታወቀ ነው፤ የዛሬው ርእሳችን እሱ አይደለም። የምናወራው ስለ ራስና በየጊዜው ስለሚነሳው የሰውነት ፀጉር ነው። ሪዝ ማሳጠር፣ ጥፍር መቁረጥ፣ የብብትና የሐፍረት ፀጉር ማንሳት ከአርባ ቀን በላይ እንዳይቆዩ አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ያስተላለፉትንና ኢማም ሙስሊም የዘገቡትን ሐዲስ ሁላችሁም ሰምታችኋል። እንግዲህ ምላጭ ከሁላችንም ቤት አለ ማለት ነው።

ከውሃው እንጀምር። አይከል ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከሱብሒ ሰላት በኋላ ከጀሪካን የተቀዳ ውሃ ጣት ያደነዝዛል። እኛ ለብ ያለ ውሃ እንመርጣለን። ራሱን እናርስና ፎጣ ጣል አድርገንበት ሁለት ሦስት ደቂቃ እንታገሣለን። ፀጉር ውሃ ሲጠጣ ይለሰልሳል፤ ምላጩም ሳይጎትት ይቆርጠዋል። ብዙ ወጣቶች የሚዘሉት ይህንን ነው። ደረቅ ፀጉር ላይ አረፋ ለብጠው ወዲያው ምላጭ ያሳርፋሉ፤ ሲያማቸው «ሳሙናው አይስማማኝም» ይላሉ።

የውሃው ዓይነትም ለውጥ አለው። እናቶቻችን ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል፤ በክረምት ከቆርቆሮ ጣሪያ በወረደ ውሃ ሳሙና ቶሎ አረፋ ያወጣል፤ በአንዳንድ የጉድጓድ ውሃ ግን ቢያሹት ቢያሹት አረፋው ይሞታል። ምክንያቱ በጉድጓዱ ውሃ ውስጥ የሟሙት ካልሲየምና ማግኒዚየም ናቸው። ሳሙናውን ይይዙትና ነጭ ዝቃጭ ያደርጉታል። እንዲህ ያለ ውሃ ከሆነ ሳሙናውን ጨመር ማድረግ ወይም ክረምት ላይ የዝናብ ውሃ ማጠራቀም ይረዳል። መጠኑን በተመለከተ አንድ ኩባያ ይበቃል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል፤ ሙድ ማለት የሁለት እጅ እፍኝ ያህል ነው። ለውዱእ ያ ከበቃ፣ ለአንድ ራስ ባልዲ ሙሉ ውሃ ማፍሰስ አይገባም።

ወደ ሳሙናው እንምጣ። ሳሙና ከስብ ወይም ከዘይትና ከአልካሊ ይሠራል። ሥራው የሙስሊሙ ዓለም አሮጌ ሙያም ነው። የሐለብና የናብሉስ የወይራ ዘይት ሳሙና አሠራር እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ደረቁ የገላ ሳሙና ብዙውን ጊዜ በሶዲየም ይሠራል። ለመላጫ ተብሎ የሚሠራው ግን ፖታሲየም ይገባበታል፤ ስቴሪክ አሲድ የተባለው የስብ ዓይነትም ይበዛበታል። የመላጫ ሳሙና አረፋ እንደ እርጎ ወፍሮ የሚቆየው ለዚህ ነው። የገላ ሳሙና አረፋ በትልልቁ ይነሣና የራሱን ግማሽ ሳንጨርስ ይደርቃል።

ይህን ስንል «ሄዳችሁ ውዱን ግዙ» ማለታችን አይደለም። የእኛ አሠራር ይህ ነው። ከተራ የገላ ሳሙና ላይ በቢላ ጥቂት ፋቅ ፋቅ አድርገን በቡና ስኒ ውስጥ እንጨምራለን። ሙቅ ውሃ ጠብ ጠብ እናደርግበትና እስኪለሰልስ እንተወዋለን። ከየሱቁ የሚገኘው ግሊሰሪን ካለ ሁለት ጠብታ እንጨምራለን፤ እርጥበት ስለሚይዝ አረፋው ቶሎ አይደርቅም። ከዚያ በመላጫ ብሩሽ መምታት ነው። አብሽ ሲመታ ያየ ሰው ለዚህ አስተማሪ አያስፈልገውም። አብሽ መጀመሪያ ወፍራምና ቡናማ ነው፤ ውሃው በትንሽ በትንሹ እየተጨመረ ሲመታ እየነጣ፣ እየቀለለ ይነሣል። ውሃውን አንዴ የቸለሰችበት ሴት ቀኑን ሙሉ ብትመታው አይነሣላትም። አረፋም እንደዚያው ነው። ውሃው በጠብታ ይጨመራል፤ ብሩሹን ስናነሣው ጫፉ ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመ ደርሷል። ከወረደ ቀጥኗል፤ ሳሙና ይፈልጋል። ከተሰነጣጠቀ ደርቋል፤ አንድ ጠብታ ውሃ ይፈልጋል።

አብሮን የቀራ አንድ ወንድማችን ጎንደር አዲስ ዓለም ይኖራል። እሱ ብሩሽ አይነካም፤ በመዳፉ ነው የሚያሸው። «እጄ የቱ ጋ ፀጉሩ እንደተንጋለለ ይነግረኛል» ይላል። እውነት አለው። ፀጉራችን ጥቅልል ነውና ወደተኛበት አቅጣጫ እንጂ በተቃራኒው ሲላጭ፣ የተቆረጠው ጫፍ ወደ ቆዳ ተመልሶ ይገባል። ማጅራት ላይ የሚወጣው ሽፍታ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው። የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ ደግሞ ከቱቦ የሚወጣ ክሬም እንጂ ሌላ አያምንም። ለሕፃን ልጅ ሲሆን ሁላችንም እንስማማለን። በሰባተኛው ቀን ለዐቂቃ የሚላጭ ጨቅላ ራሱ ገና ለስላሳ ነው፤ ዓይኑ ሳሙና አይችልም። ለእሱ ለብ ያለ ውሃና በጣት የተነካ ቀጭን አረፋ ብቻ፣ እሱም ከግንባሩ ራቅ ብሎ ይበቃዋል።

ወንድሞች፣ እስካሁን ያወራነው ሁሉ የምርጫ ጉዳይ ነው። ሙቁም ቀዝቃዛውም፣ ብሩሹም መዳፉም፣ ሳሙናውም ክሬሙም ይቻላል። ሰው በለመደው ቢላጭ ማንም ማንንም ሊነቅፍ አይገባም። ሰፊ በሆነ ነገር ላይ ጠባብ መሆን አያስፈልግም።

አሁን ምርጫ ወዳልሆነው እንለፍ። ሰው አረፋ ሲያይ ንጹሕ ነው ብሎ ያምናል። በሀገራችን እንዶድ ለስንት ዘመን ልብስ ሲያጥብ የኖረው አረፋው እየታየ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዐድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ፤ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ የሚገድል ነገር የተገኘው ከዚያ ነው። ቀንድ አውጣውን ለመግደሉ ማስረጃ የሆናቸው በጥናት የተፈተነው ነው፤ አረፋ ስላለው ብቻ ማንም አልመሰከረለትም። እኛ ግን ምላጩን በአረፋ ውስጥ ነክረን ስናወጣው «ታጥቧል» እንላለን። አልታጠበም።

ደረሳ በነበርንበት ጊዜ አንድ ምላጭ ለሁለት ተሰብሮ የአሥር ልጅ ራስ ይላጭበት ነበር። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ምላጭ መግዣ አልነበረም፣ የሚያውቅም አልነበረም። ዛሬ ግን ይታወቃል። ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት በሽታ ቫይረስ በደም ይተላለፋል፤ ከሰውነት ውጭም ቢያንስ 7 ቀን ሳይሞት ይቆያል። ዓይን የማያየው ደም ይበቃዋል። በምላጩ ብቻም አይደለም፤ የተጫረ ራስ ነክቶ ወደ ስኒው የተመለሰ ብሩሽም ደሙን ይዞ ለሚቀጥለው ሰው ይደርሳል። በሽታው ክትባት አለው። በሀገራችን በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው ግን እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለድን አብዛኞቻችን በልጅነታችን አላገኘነውም። ጤና ጣቢያ ጎራ ብላችሁ ስለ ምርመራውና ስለ ክትባቱ ጠይቁ።

ይህን ካወቅን በኋላ በግቢያችን «እያንዳንዱ ሰው የራሱን ምላጭ ይዞ ይምጣ» የሚል ደንብ አወጣን። ደንቡ ቀላል ነው፤ መናገሩ ግን ከበደን። ለዓመታት ራሳቸውን ስንላጫቸው የኖሩ አንድ አባት ተራቸው ደርሶ «አባባ፣ ምላጭ ይዘዋል?» ስንላቸው ፊታቸው ተለወጠ። «እናንተ ልጆች፣ በሽታ አለብህ ነው የምትሉኝ?» አሉን። «ኧረ በአላህ አባባ፣ እንደዚያ አይደለም» እያልን ቆባቸውን ደፍተው ሄዱ። ሰልፉ ሁሉ ዝም አለ። የሽማግሌ ቅያሜ ምን ያህል እንደሚከብድ ታውቃላችሁ።

ኢማማችን ነገሩን ሰሙ፤ ምንም አልተናገሩም። በቀጣዩ ጊዜ ግን ቀድመው መጥተው ከሰልፉ ፊት ተቀመጡ። ከኪሳቸው በወረቀት የተጠቀለለ ምላጭና የራሳቸውን ስኒ አውጥተው «በዚህ ላጩኝ» አሉ፤ ሰው ሁሉ እያየ። ከዚያ በኋላ ምላጭ ይዞ መምጣት የማንም ነውር መሆኑ ቀረ። እኚያ አባትም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መጡ። ያለፈውን አላነሱም። ምላጫቸውን ሰጡን፤ ቅሬታቸው ውሃው በጣም መሞቁ ብቻ ነበር። ቀዝቃዛ ጨመርንላቸው።

ስለዚህ ወጣቶች፣ ለወዳጃችሁም ሆነ ለአባታችሁ ምላጭ ይያዙ ስትሉ፣ አስቀድማችሁ የራሳችሁን አውጡ። «አንተን ፈርቼ» ከማለት «እኔንም አንተንም ለመጠበቅ» ማለት ይሻላል። ፀጉር ቤት ስትሄዱ አዲስ ምላጭ ከወረቀቱ ሲወጣ በዓይናችሁ እዩ፤ ካልሆነ በትሕትና ጠይቁ። ብሩሽና ስኒ ለየራስ ይሁን። ያገለገለውን ምላጭ ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ክተቱና ክዳኑን አጥብቁ፤ ባዶ እግሩን የሚሮጥ ልጅ እንዳይረግጠው። ብሩሹን በደንብ አለቅልቃችሁ ፀጉሩን ወደ ታች አድርጋችሁ ስቀሉት፤ ይደርቃል፣ ዕድሜም ያገኛል።

አረፋውን እንደወደዳችሁ ሥሩት። የአብሽ አመታቱን የሞከረ ደግሞ ስንት ጠብታ ውሃ እንደፈጀበት ይንገረን፤ የአይከልና የሌላው አገር ውሃ ይለያይ እንደሆነ እናያለን። ምላጩ ግን ለየራሳችን ይሁን። አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን። ወላሁ አዕለም።