30 ሰዓትና አንድ ቆሎ

የሙያ ምስክር ወረቀቴ እንዳይሰረዝ በየ3 ዓመቱ 30 ሰዓት መማር አለብኝ። ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 1 ሰዓት ስለ ሙያ ሥነ ምግባር ነው። ደንቡን ያወጣው የአሜሪካ የንግግር፣ የቋንቋና የመስማት ማኅበር ነው፤ እኛ የንግግር ቴራፒስቶችም ሆንን ኦዲዮሎጂስቶቹ በአጭሩ «አሻ» እንለዋለን። ዋና መሥሪያ ቤቱ ሮክቪል፣ ሜሪላንድ ነው። ሐበሻ ከሞላበት ሲልቨር ስፕሪንግ ተነስታችሁ፣ መንገዱ ካልተዘጋጋ፣ ግማሽ ሰዓት አይሞላም።

እውነቱን ልናገርና አብዛኛውን ሰዓት የምጨርሰው ማታ ልጆቼ ከተኙ በኋላ፣ ጋቢ ተከናንቤ ሶፋ ላይ ነው። ዌቢናሩ ያልቃል፣ ጥቂት ጥያቄዎች ይመጣሉ፣ ሰርተፊኬቱ በኢሜይል ይደርሳል። ብዙ ጠቅሞኛል። ሁለት ቋንቋ ስለሚናገሩ ልጆች የወሰድኳቸው ትምህርቶች ግን ምሳሌያቸው ሁሉ ስፓኒሽ ነበር። ስለ ጠ፣ ስለ ቀ፣ ስለ ጨ፣ ወይም ቃል ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉሙ ስለሚለወጥበት ቋንቋ አንድም ሰው ሲያነሳ አልሰማሁም።

ባለፈው አገር ቤት ስሄድ ሻንጣዬን በሥዕል ካርድ ሞላሁት። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የሚሠራ ወጣት የንግግር ቴራፒስት «ይምጡና አብረን እንዋል» ብሎኝ ነበር። ሙያው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ደረጃ መሰጠት የጀመረው በቅርብ ጊዜ ነው፤ ባለሙያዎቹ እርስ በርስ በስም ይተዋወቃሉ። እኔ በልቤ ላስተምር ነበር የሄድኩት።

የመጀመሪያው ታካሚ ላንቃው ተሰንጥቆ ተወልዶ በቀዶ ጥገና የተሰፋለት የ6 ዓመት ልጅ ነበር። ካርዶቼን ዘረገፍኩ። የበረዶ ሰውየው ሊጥ መሰለው። ባልደረባዬ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ከኪሱ ጥቂት ቆሎ አወጣና ጠረጴዛው ላይ በተነ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ኦሎ» አለ ልጁ።

እስክሪብቶዬን አነሳሁ። ላንቃው የተሰነጠቀ ልጅ አየር በአፍንጫው ስለሚያመልጥበት አፉ ውስጥ ማፈን ያቅተዋል፤ ስለዚህ ድምፁን ወርዶ ጉሮሮው ላይ መቁረጥ ይለምዳል። ከተሰፋለትም በኋላ ልማዱ ላይለቀው ይችላል። «ቆሎ» ሲባል «ኦሎ» ካለ፣ በእኔ ትምህርት ነገሩ አልቋል።

«ትንሽ ይታገሱ፣ እናቱን እናናግራት» አለኝ። ወደ እሷ ዞሮ «እህቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?» ሲላት፣ ግራ በመጋባት አየችውና «ኦሎ ነዋ!» አለች።

የመንዝ ሰው ናት። በመንዝ በኩል «ቀ»ን ጉሮሮ ላይ ቆርጦ መጥራት የአገሩ አነጋገር ነው። እኔ ልጁን አያቶቹ ከሚናገሩት ቋንቋ ላድነው ነበር።

ቀጥሎ «ጤፍ» አስባላቸው። እናቲቱ «ጤፍ» አለች፣ ልጁ «ኤፍ»። እዚህ ላይ ችግሩ የምር ነው። ባልደረባዬ ትንሽ መስታወት ከልጁ አፍንጫ ሥር ይዞ «ተ፣ ተ፣ ተ» አስባለው። መስታወቱ አልደበዘዘም፤ አየር በአፍንጫው አያመልጥም ማለት ነው። ላንቃው በደንብ ይዘጋል፣ የቀረው ልማዱ ነው። ሥራውን ከ«ጠ» ጀመሩ፤ «ቀ»ን አልነኩትም።

ከሰዓት በኋላ ማኪያቶ እየጠጣን እንዴት እንደሚማር ጠየቅሁት። ጤና ሚኒስቴር የሙያ ፈቃድ እድሳትን ከተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ጋር አያይዞታል፤ እነሱ ሲፒዲ ይሉታል። እሱ የሚያገኘው ስልጠና ግን በአብዛኛው ለነርስና ለሐኪም የተሰናዳ ነው። አልፎ አልፎ ከውጭ አሠልጣኝ ይመጣል። የሆቴል አዳራሽ፣ ባነር፣ የሻይ ሰዓት፣ የጋራ ፎቶ። «ስላይዱን ትተውልን ይሄዳሉ» አለኝ፤ እኔን ላለማስቀየም ቀስ ብሎ። እውነተኛ ትምህርቱ ከጓደኞቹ ጋር የከፈቱት የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ወላጅ ሲፈቅድ የልጁን ድምፅ ቀድተው ይለቁና ሲከራከሩ ያመሻሉ።

የእኔን 30 ሰዓት ቢያገኝ ግን በደስታ ይወስዳል። አንድ ታካሚ ልጅ በደንብ ይሰማ እንደሆን የሚያረጋግጥለት ኦዲዮሎጂስት እስኪያገኝ ሳምንታት የሚጠብቅ ሰው ነው። እዚህ አሜሪካ የሕፃን መስማት በ1 ወሩ ይፈተሽ፣ ችግር ካለ በ3 ወሩ ይረጋገጥ፣ በ6 ወሩ እርዳታው ይጀመር የሚል መመሪያ አለን። ይህን ስነግረው ዝም አለ።

እኔን ያስቀናኝ ያ «ትንሽ ይታገሱ» ነው። ማስተርሴን እንደጨረስኩ ቢያንስ 36 ሳምንትና 1,260 ሰዓት በአንጋፋ ባለሙያ ሥር መሥራት ነበረብኝ፤ ሁሉም ጀማሪ ያልፍበታል። ከዚያ ወዲህ አጠገቤ ተቀምጦ ስሠራ ያየኝ ሰው የለም። ሰዓቴን የሚቆጥር አለ፤ እጄን የሚይዝ የለም።

ካርዶቼን ይዤ ተመለስኩ። ያን ቀን በ30ው ሰዓት ውስጥ አላስገባሁትም፤ የማሳየው ወረቀት የለኝም።

አሁን እኔና እሱ በወር አንድ ቅዳሜ በስልክ እንገናኛለን፤ በእኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ በእነሱ ከቀኑ 11 ሰዓት። አንድ ጊዜ እሱ፣ አንድ ጊዜ እኔ አንድ ልጅ ይዘን እንቀርባለን። አማርኛ የምትናገሩ የንግግር ቴራፒስቶችና ኦዲዮሎጂስቶች፣ የትም አገር ሁኑ፣ ግቡ። ሰርተፊኬት የለውም።