ቢዬላ ላይ የሚቆጠብ ብር

ሞተር አውርደው የሚያሠሩ ወዳጆቼ ቀድመው ዋጋ የሚቀንሱት ቢዬላው፣ ማለትም ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚያያይዘው ዘንግ ላይ መሆኑ ያሳስበኛል። ፒስተንና ፋሻ አዲስ ይገዛሉ፤ ቢዬላው ግን «ብሮንዚና ቀይረህ ክተተው» ይባላል።

እስቲ የሚሸከመውን እናስብ። ሞተሩ በደቂቃ 6000 ጊዜ ሲዞር ፒስተኑ በሰከንድ 200 ጊዜ ቆሞ አቅጣጫ ይቀይራል። በተለይ ጭሱን አስወጥቶ ጫፍ ላይ ሲደርስ፣ ከላይ የሚያቆመው የቃጠሎ ግፊት የለም። ወደ ላይ የሚወረወረውን ፒስተን ይዘው የሚያስቀሩት የቢዬላው ቡሎኖች ናቸው። ሌላው ቢቀር አዲስ ቡሎን ግዙ የምለው ለዚህ ነው። ሲጠብቅ እንዲለጠጥ ሆኖ የተሠራው ዓይነት ደግሞ አንዴ ከተፈታ ዳግም አይታሰርም።

ቢዬላ በደንብ ሲታደስ መጣመሙና ስንጥቁ በመሣሪያ ይታያል፤ የክዳኑ መጋጠሚያ በስሱ ይላጋል፤ በልኩ ታስሮ ትልቁ ዓይኑ እንደገና ክብ ይደረጋል። የዘይቱ ክፍተት በሚሊሜትር መቶኛ የሚለካ ስለሆነ በዓይን ግምት የሚሠራ ባለሙያ አይንካው። ክዳኑ ከፋብሪካ በስብራት የተለየ ቢዬላ ከሆነ ግን መጋጠሚያው ጨርሶ አይላጋም።

መለዋወጫ በሚሸጥበት ሱማሌ ተራ ያገለገለ ቢዬላም ይገኛል፣ ጥሩም ሊሆን ይችላል። ክዳኑ የራሱ መሆኑን እዩ፤ ክብደቱን ከሌሎቹ ጋር አስተያዩ። ለከተማ ታክሲ ውድ የውድድር ቢዬላ አያስፈልግም፤ በሚገባ የታደሰ ኦሪጅናል ይበቃዋል። በማሽን ሥራው ዋጋ ግን አትከራከሩ፤ ይልቅ የእያንዳንዱን ዓይን ልኬት በወረቀት ጠይቁ።